የሁለት እንቁላል ኑዛዜ

«ጎመኑም ሳይበዛበት አልቀረም» ስትል ሰማት።

ሶፋ ሠሪው ገና ከአልጋው አልወረደም። ባለቤቱ ወጥ ቤት ቆማ ከእህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ሆና የኖረች ሴት ዝቅ ያለ ድምፅ ከየት ታመጣለች? በጣም ዝቅ ስታደርገው አራት ክፍል ይሰማ የነበረው አንድ ክፍል ቢሰማ ነው። «አዎ፣ ጎመን! ትናንት ማታ ጨምሪልኝ አለኝ፣ አሳዘነኝና ጨመርኩለት። ይኸው ሲገላበጥ አደረ። ዛሬማ ለምርመራ ደም ስለሚሰጥ በባዶ ሆዱ ይምጣ ተብሏል፤ ምንም አልሰጠውም» አለች። የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ነበረበት፤ ሐኪም ራሱ አንድ ቀን ሐሳቧን የደገፈላት ያህል። ሶፋ ሠሪው የተገላበጠው ከጎመን ብዛት እንዳልሆነ፣ አንጀቱ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ እንደሆነ ጮኾ ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዛሬ አፉን ከፍቶ የሚከራከርበት ቀን አልነበረም። ወንጀል ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር ተኩል በፊት ድንገት ልቡ ታመመ። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛ፤ በእጁ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን የደም ሥር ከፈቱለትና ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሲወጣ ነርሷ አራት ነገር ብቻ ነገረቻቸው፦ ጨው ቀንሱ፣ ቅባት ቀንሱ፣ ሲጋራ የሚባል ነገር እንዳይነካ፣ መድኃኒቱ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ። ባለቤቱ ይህን በወረቀት ጻፈችና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው። ሲጋራውንና መድኃኒቱን በተመለከተ አንድም ቀን ንቅንቅ አላለችም፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ተሰልፋ የምታመጣለት ራሷ ናት። ችግሩ አራት ሕግ ለምክትል ዳይሬክተር ሕግ አለመሆኑ ነው። ወረቀቱ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ ሥጋና ቅቤ ገቡ። ቀጥሎ እንቁላል ገባ፤ የእህቷ ጎረቤት አጎት እንቁላል በልቶ በሳምንቱ ስለሞተ። ወተት በቅባቱ ገባ። ባቄላ ሆድ ነፍቶ ልብን ይጫናል ተባለና ገባ። ሙዝ በስልክ በመጣ መልእክት ገባ። ዓሣ ሲጠበስ ዘይት አለው፣ ሳይጠበስ ደግሞ አጥንት አለው ተብሎ በሁለት ክስ ገባ። ወሩ ሲያልቅ ዝርዝሩ ሠላሳ አራት ደርሶ ሁለተኛ ወረቀት ተቀጠለለት፤ በመጨረሻው መስመር ላይ «ወዘተ.» የሚል ተጨመረ። ሶፋ ሠሪውን ከሁሉም በላይ ያንገበገበው ያ «ወዘተ.» ነበር። ሌላው ሁሉ ቢያንስ ስም አለው።

የተረፈለት የተቀቀለ ጎመን፣ የተቀቀለ ካሮት፣ ሳህኑን አሻግሮ የሚያሳይ ሾርባና አንዲት ቁራጭ ዳቦ ነው። ቀበቶው ላይ በገዛ ወስፌው ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። የሸሚዙ አንገትጌ ውስጥ ሁለተኛ አንገት ይገባል። በመንገድ ያገኙት ሁሉ ግን «አቤት ሲያምርብህ! ሃያ ዓመት ጣልክ እኮ!» ይሉታል፤ ባለቤቱም ከጎኑ ሆና ተማሪዋ አንደኛ እንደወጣላት ፈገግ ትላለች። እሱ ዝም ይላል። ዝም የሚለው እሷን ፈርቶ ብቻ አይደለም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጉልበቱ እየከዳው ነው። ደረጃ ሲወጣ እግሩ ይተሳሰራል፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ አውራ ጣቱን ሚስማር ከወጋው አምስት ሳምንት ሆኖት ቁስሉ አልጠግግ ብሏል። ልቤ ሊሰናበተኝ ነው ብሎ ደምድሟል። ይህን ለእሷ መንገር ደግሞ ሌላ ሕመም ነው፤ ስለዚህ በሆዱ ይዞታል፤ ሆዱ እንደሆነ ባዶ ነው፣ ቦታ ሞልቷል።

ወንጀሉ የተፈጸመው ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አብሮት የሚሠራው አናጢ ምሳውን ፈታ፤ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። ሶፋ ሠሪው እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አናጢው ሰው እያየው ብቻውን መብላት የማይሆንለት ሰው ነውና አንዱን ልጦ ዘረጋለት። እንዴት እንደተቀበለው አያስታውስም። ሁለተኛውን እንዴት እንደወሰደ ደግሞ አናጢውም አያስታውስም። ቆሞ፣ በሩን እየተመለከተ፣ ሁለቱን በአራት ጉርሻ ጨረሳቸው። ጨው አልነካም። ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚያቀርበው ማቅለያ ይህ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ሥራው ሲመለስ ነው ነገ የደም ምርመራ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ ያለው፤ ያኔ ቆሌው ተገፈፈ።

የላቦራቶሪው መጠበቂያ ጠባብ ኮሪደር ነው፤ በአንድ ወገን ረጅም አግዳሚ አለ። ሶፋ ሠሪው ገና ሲቀመጥ ስፖንጁ እንዳለቀለት፣ የተሠራበትም ከጥራቱ ዝቅተኛው እንደሆነ፣ ጨርቁንም የወጠረው ሰው ችኩል እንደነበር ዐወቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ለባለቤቱ ይነግራት ነበር። ዛሬ ስሙ እስኪጠራ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። ደም የምትቀዳው ሴት ክንዱን አሰረች፣ መርፌውን ሰካች፤ ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ በደሙ ሞላች። እሱ ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን አለሳለሰ።

«ልጄ፣ ይሄ ደም የስንት ቀኑን ነው የሚያሳየው?»

«ኧረ ሁሉንም ነው የሚያሳየው፣ አባባ» አለችው፣ ቀና ሳትል ብልቃጡ ላይ ስሙን እየለጠፈች። «ከደም ምን ይደበቃል?»

ውጤቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ዶክተሯም ያኔ ታያችኋለች ተባሉ። ባለቤቱ ከቦርሳዋ ካሮት አውጥታ በኮሪደሩ አበላችውና ወደ እህቷ ቤት ሄደች፤ እሱ ወደ ሥራው።

ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ጨርቁ ተገፎ፣ ሞላው አግጦ ይጠብቀዋል። ባለቤቶቹ ለልጃቸው ሠርግ ይፈልጉታል፤ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሶፋ ሠሪው አዲሱን ጨርቅ ከፊት ቸነከረና ወደ ኋላ ሊወጥር ሳበ። አልመጣ አለው። እግሩን ከእንጨቱ ጋር አስደግፎ ደግሞ ሳበ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ጨርቁ ግን እንደ ዘንድሮ ጎረምሳ ንቅንቅ አልል አለ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ እጅ ስንት ቆዳ ወጥሯል! መሬት ላይ ቁጭ አለና እጁን ሲያየው የሌላ ሰው እጅ መሰለው። አናጢው መጋዙን አስቀምጦ መጣ፤ ጨርቁን ከወዲያ ጫፍ ይዞ ወጠረለት፣ ሶፋ ሠሪውም ከተቀመጠበት ሆኖ ሚስማሩን መታ። ጥቂት ቆይቶ ሶፋ ሠሪው ራሱ ጀመረ።

«አለቀልኝ መሰለኝ፣ ወንድሜ።»

«ዝም በል እባክህ።»

«የእኔስ ይሁን። እሷ የምትይዝ የምትጨብጠውን ታጣለች። ደግሞ እኮ በእንቁላሉ ነው የምታሳብበው። ሦስት ወር ሙሉ ለፍታ፣ አንተ በሁለት እንቁላል አበላሸኸው ትለኛለች።»

አናጢው አገጩን አከከ። «እንግዲያው ወረቀቱ ቀድሞ ከሚነግራት አንተ ንገራት» አለ። «ብቻ እንቁላሉ የእኔ ነው እንዳትል፣ አደራ። ባለቤትህን እኔም እፈራታለሁ፤ ልጄን ሁለት ጊዜ ወላጅ አምጣ ብላዋለች።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ቦርሳዋ በመካከላቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት ሕፃን ታባብላለች፤ ከላይ የተሰቀለው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሶፋ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም ጠረገ። ሦስተኛ ሊጠርግ ሲል «ምንድን ነው፣ አመመህ?» አለችው።

«ትናንት እንቁላል በላሁ።»

ዞር ብላ አየችው። ከሃያ ስድስት ዓመት ምክትልነቷ የተረፈው አስተያየት ሁሉ በዚያች አንድ አፍታ ፊቷ ላይ ተሰበሰበ።

«ስንት?»

«ሁለት።»

«ከነአስኳሉ?»

«ከነአስኳሉ። ግን ጨው አልነካሁም።»

ቦርሳዋን ከመካከላቸው አነሳችና በወዲያኛው ጎኗ አስቀመጠችው። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ብዙ ዓይነት ዝምታ ያውቃል፦ የኩርፊያ አለ፣ የድካም አለ፣ ዘመድ መጥቶ አልሄድ ሲል የሚመጣው አለ። ይኼኛውን ግን አላወቀውም። አንገቷን ደፍታ የጣቶቿን ጫፍ ታያለች። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «አንዱን ብቻ ነበር የፈለግሁት» ሊል አስቦ፣ ውሸት ስለሆነ ተወው። በዚህ መሐል ስሙ ተጠራ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከእነሱ ልጅ ብዙም አትበልጥም። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ መልሳ ከታች እስከ ላይ አየችው፣ ከዚያ ሚዛን ላይ አቆመችው። ዐሥራ አራት ኪሎ ወርዷል። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። የአውራ ጣቱን ቁስል አገላብጣ አየች። ሶፋ ሠሪው እያንዳንዷን ነገር እንደ ክስ ማስረጃ ሲከታተል ላቡ ወረደ።

«ማን ነው የሚመግባቸው?» አለች ዶክተሯ።

«እኔ ነኝ» ብላ ባለቤቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ ከላይ መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር የመጣ ሰው እንደሚቀበሉት ቀጥ ብላ። «ሥጋ ከቤታችን ከወጣ ሦስት ወር ሆነው። ቅቤ የለም። እንቁላል የለም…» እዚህ ላይ ባሏን በጎን አየችው፤ «ከቤታችን ማለቴ ነው። ወተት የለም። ባቄላ፣ ምስር፣ ዶሮ፣ ዓሣ የለም።»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። «ታዲያ ምን አለ?»

ሶፋ ሠሪው መቻል አቃተው። «ዶክተር፣ የኔ ጥፋት ነው፣ እሷ የለችበትም» አለ። «እንቁላል በልቼ ነው። ሁለት። ትናንት።»

«ጥሩ አድርገዋል። ከትናንት በስቲያስ ምን በሉ?»

«ጎመን።»

«ከዚያ በፊት?»

«ጎመን።»

«ከጎመን ጋር?»

ትንሽ አሰበ። «ውሃ» አለ።

ዶክተሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና ወረቀቱን ወደ ሁለቱም አዞረችው። ልባቸው በደንብ አገግሟል አለች፣ ባለፈው በአልትራሳውንድ አይታዋለች። ኮሌስትሮላቸውም ወርዷል፣ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ከዚያ በጣቷ አንዲት ቁጥር ነካች። «ይቺ አልቡሚን ትባላለች። ደም ውስጥ ያለች ፕሮቲን ናት። የእርስዎ በጣም ወርዳለች። ኩላሊትዎንም ጉበትዎንም አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው፤ በሽታ የሚዋጉት የደም ሴሎችዎ ግን አንሰዋል። እግርዎ የሚያብጠው፣ ቁስልዎ የማይድነው፣ ጉልበትዎ የከዳዎት ለዚህ ነው። ከልብ ሕመም በኋላ ይቺ ቁጥር የወረደችባቸው ሰዎች ተመልሰው ሆስፒታል የሚገቡት ከሌላው ይበዛሉ፤ ዝም ብለን የምናልፋት ነገር አይደለችም።»

«ልቤ አይደለም ማለት ነው?»

«ልብዎ አይደለም፣ አባቴ። ርቦዎት ነው።»

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ዱብ አለ። ከትምህርት ቤት በራፍ ላይ ስንት ቁርስ ያልበላ ልጅ በገዛ እጇ ያበላች ሴት ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ዶክተሯም ነገሩ ገብቷት ድምፅዋን አለሰለሰች። «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩ መድኃኒቱን እንዲህ ሰዓቱን ጠብቀው አይወስዱም፣ ሲጋራውንም አይተዉም ነበር። ይህን ያህል የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው በሽተኛ ብዙ የለኝም። ጨውና ቅባት መቀነሱ እንዳለ ይቀጥል። ምግቡን ግን ይመልሱላቸው።»

«እንቁላል ይቻላል?» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ዝቅ ብሎ።

«በቀን አንድ ምንም አይላቸውም።»

«ዓሣ?»

«ዓሣማ እንዲያውም።»

«ባቄላስ? ልብን አይጫንም?»

«ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?» አለች ዶክተሯ። ባለቤቱ ስልኳ ያለበትን ቦርሳ እቅፏ ውስጥ አስገባችው።

ሶፋ ሠሪው ገና ዶክተሯ ስትናገር የድል ንግግሩን በሆዱ አርቅቆ ጨርሶ ነበር። በጎመን ጀምሮ በ«ወዘተ.» የሚያልቅ፣ ለሦስት ወር ተኩል የታመቀ ንግግር። ከግቢው ሲወጡ ግን ባለቤቱ ሁለት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች፤ ትከሻዋ ወደ ፊት ወድቋል፣ ረጅሟ ሴት አጥራለች። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ስትደርስ ተቀመጠች። ንግግሩን ተወና አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ የእነሱ ነበር፤ አልተነሳችም።

«የዚያን ቀን እራቱን የጠበስኩት እኔ ነኝ» አለች፣ አስፋልቱን እያየች።

«የትኛውን ቀን?»

«የወደቅህ ቀን። ሥጋውን በዘይት አጥለቅልቄ ጠበስኩት። ጨምሪ አልከኝ፣ ጨመርኩልህ። ሳህኑ ሳይነሳ ወደቅህ። በነጋታው ልብስህን ልወስድ ቤት ስገባ ሳህኑ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሹካህ እንዳስቀመጥከው። አጠብኩትና ለማንም አልተናገርኩም።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ከእንግዲህ በእጄ አልገድለውም አልኩ። ይኸው፣ ለካ በሌላ በኩል ልገድልህ ይዤ ነበር።»

ሶፋ ሠሪው ይህን አንድም ቀን አላሰበውም። ሦስት ወር ተኩል አለቃው ሆናበታለች ብሎ ሲያጉረመርም፣ እሷ ለካ በየቀኑ ያንን ሳህን ስታጥብ ኖራለች። እጇን ያዘ፤ እጇን መንገድ ላይ ከያዘ ዘመን አልፏል፣ ስለዚህ አያያዙን አሳስቶ አውራ ጣቷን ብቻ ነበር የያዘው።

«ስሚ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በቀን አንድ ፓኬት፣ ሳልሰለች ያጨስኩት እኔ ነኝ። የተኛሁ ጊዜ ያከመኝ ዶክተር ምን አለ? ሲጋራው ነው አላለም? ታዲያ የእኔን የሠላሳ ዓመት ልፋት በአንድ እራት ልትወስጂብኝ ነው?»

እንዳታለቅስ ብሎ የተናገረው ነው፤ እሷ ግን ሳቅም ለቅሶም የሆነ ድምፅ አወጣችና በመሐረቧ መታችው። «ሞኝ» አለችው።

«ርቦኛል» አለ እሱ። ይህን ቃል ሦስት ወር ተኩል አልተናገረውም። ከአፉ ሲወጣ እንዴት ይጣፍጣል!

ከመንገዱ ማዶ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትንሽ ምግብ ቤት አለ። «እዚያ እንግባ» ሲላት ባለቤቱ ደነገጠች። እዚያ አይሆንም አለች፤ ንጽሕናው እንጃ አለች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ይበዛበታል አለች፤ በመስኮቱ ሲታይ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነበር ያለው። ሶፋ ሠሪው ከዛሬ በፊት ተከራክሮ አሸንፏት አያውቅም፤ ዛሬ ግን የሐኪም ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበረና አውራ ጣቷን እንደያዘ አሻገራት። ገና በሩን ሲያልፉ አስተናጋጁ ፊቱ በራ።

«እትዬ! ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አለ ወንበር እየሳበላት። «ዓሣው እንደ ሐሙሱ ነው? ሎሚ በዛ አድርጌ፣ ዳቦውን ሞቅ አድርጌ?»

ሶፋ ሠሪው ባለቤቱን አየ። ባለቤቱ ጣሪያውን አየች።

«ሐሙስ ሐሙስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«መድኃኒት ቤቱ ሰልፉ ረጅም ነው» አለች። «ሁለት ሰዓት ነው የሚያቆመኝ። ሰው ይደክመዋል።»

«ሰልፉ ላይ ዓሣ ያድላሉ?»

«አንዳንዴ ነው እኮ።»

«አንዳንዴ አይደለም» አለ አስተናጋጁ፣ ደንበኛን ማወቅ ሙያ ነውና በኩራት፤ «አንድም ሐሙስ ቀርተው አያውቁም!»

ሶፋ ሠሪው መናደድ ነበረበት፤ ትንሽ ተናዶም ነበር። እሱ አንዲት ካሮት ለሦስት ከፍሎ ሲበላ እሷ ሎሚ በዛ አድርጋ! ነገር ግን ያቺ ማቀዝቀዣው በር ላይ ሕግ የምትለጥፍ ሴት፣ ከዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በመስኮቱ ሰው እንዳያያት እየተሳቀቀች፣ የዓሣ አጥንት ስትለቅም ታየችው። ሳቁ ከሆዱ ተነሳ። ሳቀ፣ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ ደረቱን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ባለቤቱ ከወንበሯ ተፈናጥራ ትከሻውን ያዘችው። «ምን ሆንክ? ኧረ ምን ሆንክ? ውሃ አምጣ አንተ!»

«ሳቅ ነው» አላት ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ሳቅ ነው፣ ተቀመጪ። ሳቅ ዝርዝሩ ውስጥ አለ እንዴ?»

ዓሣው መጣ፤ ያለ ጨው፣ በትንሽ ዘይት፣ ከተቀቀለ ባቄላና ከሞቀ ዳቦ ጋር። ሶፋ ሠሪው እጁን ታጥቦ ጀመረ። ባለቤቱ አልነካችም፤ አገጯን በመዳፏ ይዛ ሐሙስ ሐሙስ ስትበላበት ከነበረው ወንበር ላይ ሆና እሱ ሲበላ ታያለች። አንገቱ ሲንቀሳቀስ፣ ጉንጩ ሲሞላ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ላብ ሲወጣ አንድም ነገር አላመለጣትም። ግማሹ ላይ ሲደርስ ግን ሶፋ ሠሪው ጉድ ሆነ። ሆዱ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ የልጅ ሆድ ሆኗልና ሞልቶ አረፈ። ወደ ኋላ ተደገፈና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጠገብኩ» አለ።

«አልጠገብክም» አለች ባለቤቱ።

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«ግማሹ እኮ አለ። ዶክተሯ ምን አለች? አልሰማህም?» የቀረውን ዓሣ ወደ ራሷ ሳበችና አጥንቱን በጣቷ ትለቅም ጀመር፤ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ፤ ነጩን ሥጋ ለብቻው እያደረገች ወደ እሱ መለሰችው። ሶፋ ሠሪው ሳህኑን አየ። እሷን አየ። ዓይኗ ያው ነው፣ የተቀሰረው ጣት ያው ነው፤ የሚመጣው ሦስት ወር ምን እንደሚመስል ቁልጭ ብሎ ታየው፤ ቀበቶው ላይ የበሳቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ወደ ኋላ ሲቆጠሩ። ሊቃወም አፉን ከፈተ። ያኔ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ያረፈው እጇ የወደቀበትን ቀን ሳህን ያጠበው እጅ መሆኑ ትዝ አለው።

«አንድ ብቻ» አለና ጎረሰላት።